ያልታየ ማለት

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ግራጫው ቡናማ ሆነ።

የሆነው በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ ካርታዬ ግድግዳው ላይ ሲበራ ነው። መጀመሪያ የፕሮጀክተሩ አምፖል መስሎኝ ነበር፤ አሮጌ ነው፣ ቀለም ያበላሻል። ከዚያ ቢጫውን አየሁ፤ ቢጫው ቢጫ ነው። ሰማያዊውም ሰማያዊ ነው። በሰሜን በኩል ግን፣ እኔ ግራጫ አድርጌ የተውኩት ያ ሁሉ የባሕር ወለል ቡናማ ሆኗል። ቡናማ በእኛ ካርታ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ዓሣ ነው።

«እስከ ዛሬ ያልታየ የዓሣ ሀብት!» አሉ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ፣ እኛ በሌሉበት አባ ቶሎ የምንላቸው። «በራሳችን ልጆች፣ በራሳችን መሣሪያ!» ተጨበጨበ። ከካርታው ግርጌ ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ጭብጨባው ለእኔም መሆኑ ነው።

አብሮኝ የሚሠራውን ስሌተኛ በዓይኔ ፈለግኩት። ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጦ የእስክሪብቶውን ክዳን ይነቅላል፣ ይገጥማል፣ ይነቅላል። ቀና አላለም።

እጄን አወጣሁ። «ሰሜኑ አልታየም። ካሜራ አልወረደበትም» አልኩ።

አባ ቶሎ ወደ እንግዶቹ ዞረው ፈገግ አሉ። «ልጃችን ትሑት ናት።» አዳራሹ ሳቀ። መብራቱ በራ። ሁሉም ወደ ለስላሳው መጠጥ ሄደ።

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ነገ ከነገ ወዲያ የተሳሳትኩት እኔ እንዳይመስለኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

ጀልባዋ ባሕሩን እንደ ማሳ ወዲያና ወዲህ ታርሰዋለች። እየሄደች ወደ ታች ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል። ጠንክሮ ከተመለሰ ወለሉ ጠንካራ ነው፤ ለዝቦ ከተመለሰ ጭቃ ወይም አሸዋ። ድምፅ ግን ይዋሻል። የሞተ ዛጎል ተከምሮ ተጠቅጥቆ ሲተኛ ልክ እንደ ድንጋይ ይመልሳል። ስለዚህ ካሜራ በገመድ አውርደን እናያለን፤ ወለሉ ላይ ያለውን ዓሣም በዚያው እንቆጥራለን። በድንጋያማው ቦታ ይህን ያህል፣ በአሸዋማው ይህን ያህል ተብሎ ይያዝና በየቦታው ስፋት ይባዛል። መቁጠሩ የእኔ ሥራ ነው። ማባዛቱ የስሌተኛው።

ሰሜኑ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ። ካፒቴኑ ከመሪው ሳይዞር «ዶክተር፣ የምትፈልጊው ካሜራሽን ነው ጀልባዬን?» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ሊያናድደኝ ሲፈልግ ነው እንዲያ የሚለኝ። ተመለስን። ቦታውን ግራጫ ቀባሁና በካርታው የቀለም መፍቻ ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል ጻፍኩ፦ ያልታየ።

ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሏን ሴትዮ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። «‘እስከ ዛሬ ያልታየ’ የሚለው ከየት መጣ?»

«ውይ፣ ቃሉ የራስሽ አይደል እንዴ! ካርታው ላይ ‘ያልታየ’ ብለሽ የለ? እኔ ‘እስከ ዛሬ’ን ብቻ ነው የጨመርኩት፣ እንዲያምር ብዬ።»

«ያልታየ ማለት እኮ ማንም አላየውም ማለት ነው።»

«እሱማ እኔም እንደዚያ ነው የገባኝ! ማንም አይቶት የማያውቅ።» ደስ ብሏት ነው የምትናገረው። ክፋት የላትም። ክፋት ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

ጋዜጣዊ መግለጫው ያለፈው ዓርብ ወጥቷል። ዓርብ ማታውኑ ከላይ ተደውሎ ተመስግነናል። ከተመሰገኑ በኋላ ግራጫ ይዞ መቅረብ አይቻልም። ስለዚህ ካርታው መግለጫውን እንዲመስል ተደረገ።

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ፋይሉ የተቀየረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእኔ ኮምፒውተር፣ በእኔ የይለፍ ቃል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እማዬን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። የይለፍ ቃሌን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።

ዛሬ ቀየርኩት። የድሮውን እዚህ አልጽፈውም።

ስሌተኛውን ደረጃው ላይ ያዝኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደወልኩ፣ አላነሳሽም።»

«ሐኪም ቤት ነበርኩ። ታውቃለህ።»

«አባ ቶሎ ከላዬ ቆመው ቶሎ ቶሎ አሉኝ፤ ምን ላድርግ?»

«እሳቸው መቼ ቀስ ብለው ያውቃሉ?»

«ስሚኝማ። ድምፁ እኮ ጠንካራ ነው። ድንጋይ ሊሆን ይችላል።»

«‘ሊሆን ይችላል’ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቋሚ ቅጥር አለ። ለሁለታችንም።» ሁለታችንም የሚለውን ረገጥ አድርጎ።

ምንም አልተሰማኝም። ወርጄ እጄን ታጠብኩ። ሳሙና አልነበረም።

ጥቅምት 9፣ ዓርብ

ለአባ ቶሎ በጽሑፍ አቤት አልኩ። አንብበው ሳይጨርሱ ወረቀቱን አጣጠፉት። «የኔ ልጅ፣ ወረቀት አታብዢ። የምትዪው ካለ በቃልሽ ንገሪኝ።»

በቃሌ ነገርኳቸው።

«ሰማሁሽ» አሉ። መስማታቸው ይኸው ነው።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ወይዘሪት ግራጫ። አዲሱ ስሜ ነው። ከሒሳብ ክፍል ተነሥቶ እስከ ዘበኛው ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ዘበኛው «ወይዘሪት ግራጫ፣ መታወቂያ!» አለኝ። ዓመት ሙሉ ያውቀኛል። አሳየሁት።

ጠረጴዛዬ ላይ ስሌተኛው ያስቀመጠልኝ ሻይ ነበር። ስኳሬን ያውቃል። አልጠጣሁትም። ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ስስ ነገር ይሠራል፤ እስኪሠራ ድረስ አየሁት።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

እማዬ፦ «ያ ልጅ ምነው ጠፋ? ታመመ እንዴ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«አንቺስ? አንቺም ሥራ በዝቶብሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠፋው?»

«አዎ።»

ራት ስታቀርብ ስሌተኛው ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር አሁንም ለማንም አታስነካም። ቦርሳዬን አስቀምጬበት ነበር፤ አንሥታ መሬት ላይ አኖረችው።

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ

የሰሜኑ ባሕር ለዓሣ አስጋሪዎች ተከፈተ። ፈቃድ መስጠት ተጀምሯል። ማስታወቂያው ላይ ካርታው አለ። ካርታው ላይ ስሜ አለ።

ኅዳር 2፣ እሑድ

አጎቴ ምሳ መጣ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጀልባ፣ በመንጠቆ ገመድ ነው የሚያጠምደው። ገና ከበሩ ሲገባ አንድ ነገር ከጀርባው ደብቆ ይስቃል።

ካርታዬ ነው። ማኅበራቸው አባዝቶ አድሏቸው፣ ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ አስለብጦታል።

«መሪው አጠገብ ነው የምሰቅለው! ‘ይህቺ የማን ናት?’ ሲሉኝ፣ ‘የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ መዋኘት ያስተማርኳት’ እላለሁ።»

«አስተምረሃት ነው ልትሰጥምብህ የነበረው?» አለች እማዬ።

«እሱ የትምህርቱ አካል ነው።»

ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ከዚያ «ጋሼ፣ ሰሜኑ ሩቅ ነው። ነፋሱም በዚህ ወቅት ይበረታል» አልኩት።

«ሚጣዬ፣ አንቺ ታችኛውን ጠብቂ፤ ላዩን ለኔ ተይው።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እምላለሁ፣ ደርሶ ነበር። ግን ውሌ ላይ የሥራ ነገር ለውጭ ሰው አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ። ደግሞ ደስ ብሎት ነበር። ደግሞ ምናልባት ድንጋይ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ይህን የመጨረሻውን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ስሌተኛው አይደለም።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

እነ አጎቴ ወጡ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ነፋስ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ነፋስ። የቢሮው መስኮት አይዘጋም፤ ወረቀት አጥፌ ወሸቅኩበት። ስሌተኛው ከጠረጴዛው ማዶ «አጎትሽ ወጥቷል እንዴ?» አለ። ለምን እንደጠየቀ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። አልመለስኩለትም።

ማንን ነው «ታውቃላችሁ» የምለው?

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

የአጎቴ ግራ እጅ ገመድ መሳቢያው ማሽን ውስጥ ገባ። ሁለት ጣቶቹ የሉም።

ኅዳር 16፣ እሑድ፣ ማታ

ሐኪም ቤት ዋልኩ። አሁን ቤት ነኝ፤ እማዬ ተኝታለች። ወይም የተኛች መስላ ዝም ብላለች።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። የአጎቴ ከቧንቧው አጠገብ ነው፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ቢጫ ባልዲ አለ። አንሶላው ላይ የሌላ ሰው የቆየ የቁስል መድኃኒት ነጠብጣብ አለ። ይህን ሁሉ አየሁ። እጁን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ።

እሱ ነው የነገረኝ። ሁለቱን ቀን ነፋሱን ተጠልለው አሳለፉ፤ ዓርብ ገመዱን ጣሉ፤ ሲስቡት መንጠቆው ላይ ባዶ ዛጎል ወጣ። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ጣሉ፤ ዛጎልና ጭቃ። ጓደኞቹ «በቃ፣ እንመለስ» አሉ። እሱ ግን ካርታውን እያሳየ «ድንጋዩ እዚህ ነው፣ እኛ ነን የሳትነው» አላቸው። እንደገና ፈቀቅ አሉ። እንደገና ጣሉ። በመንጠቆው ፋንታ ካርታውን አመነ። ቅዳሜ ነፋሱ እንደገና ሲመጣ ገመዱ ገና ውኃ ውስጥ ነበር። ሲቸኩሉ ነው እጁ የገባው። ወደብ እስኪደርሱ ቀኑ መሸ።

«እኛ ነን የሳትነው» አለ አሁንም። «ይቅርታ አድርጊልኝ ሚጣዬ፣ ካርታሽን አዋረድኩት።»

እሱ ነው እኔን ይቅርታ የጠየቀው።

«ድንጋይ የለም ጋሼ» አልኩት።

«ማለት?»

«ማንም አላየውም። ግራጫ አድርጌ ነበር የተውኩት፣ አልታየም ብዬ። እነሱ ቀየሩት።»

ዞሮ ባልዲውን አየ። ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«መቼ ነው ያወቅሽ?»

«ገና ሳይከፈት።»

«እሑድ፣ ምሳ ስንበላ?»

«አዎ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን ነበረበት! ጣሪያውን እያየ፣ «ካላየሽው ታዲያ፣ ስምሽ እዚያ ምን ይሠራል?» አለ።

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩ። የተስተካከለ ነበር።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

አላለቅስም። አላለቀስኩም። ሥራ ገባሁ። የጥያቄ ወረቀት ሞላሁ። ምሳ በላሁ፤ ምን እንደነበር አላስታውስም።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ሌሎቹም ጀልባዎች ዛጎል ይዘው ተመለሱ። ዛሬ አስጋሪዎቹ ተሰብስበው ቢሮ መጡ፤ በሩ ላይ አንዱ አንድ ባልዲ ዛጎል ገለበጠ። «ይኸው ሀብታችሁ! እስከ ዛሬ ያልታየ!»

አባ ቶሎ ወጥተው አነጋገሯቸው። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ በስተጀርባ ነበርኩ።

«ልክ ናችሁ፣ አትቆጡ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ልምድ የላትም። ተሳስታለች። እናርማለን፣ ቶሎ እናርማለን።»

ስሌተኛው አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሱም ሰምቷል። ክንዴን ነካ ሊያደርግ እጁን አነሣና የበሩን እጀታ ያዘ።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

ስሌተኛው በእኔ ስም የተጻፈ ደብዳቤ አመጣ። ከሻይ ጋር።

«በወለል ምደባው ላይ በፈጠርኩት ስህተት…» ይላል። ከሥሩ ለፊርማ ቦታ አለው።

«ፈርሚና ይለፍ» አለ። «ማንም ደመወዝሽን አይነካም። ውልሽ ሲያልቅ ቋሚ ያደርጉሻል፤ በአፋቸው ነግረውኛል። ሰው ይሳሳታል፣ ምን አለበት?»

«አንተ ለምን አትፈርመውም?»

«እኔ እኮ ታዝዤ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ…» ቆመ። ሻዩን ገፋ አድርጎልኝ ሄደ።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

ደብዳቤውን ለእማዬ አነበብኩላት። ዓይኗ ገና አልዳነም።

«ፈርሚው፣ ልጄ። ያ ልጅም እንደሆነ ለአንቺው ብሎ ነው። ፊርማ እኮ እጅ አይቆርጥም።»

ብላ ደነገጠች። አጎቴ ከሐኪም ቤት ወጥቶ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቶ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለታችንም በሩን አየን።

ተነሥታ ሄደች። ስትመለስ ቦርሳዬን ከመሬት አንሥታ የስሌተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ባሕሩ መስታወት ነው። የዛሬው ዕቅድ ደቡቡን መድገም ነበር። ከወደቡ እንደወጣን ካፒቴኑ መሪውን ይዞ፣

«ወዴት?» አለኝ።

«ዕቅዱ ደቡብ ነው።»

«ዕቅዱን አልጠየቅኩሽም።»

«ግራጫው» አልኩ።

«ዶክተር አለኝ እኔ» አለና አዞረው። ዛሬ አላናደደኝም።

ከሥፍራ ሥፍራ እየሄድን እስኪመሽ ካሜራ አወረድን። ዛጎል። የተሰባበረ ዛጎል፣ በላዩ ላይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ድሮ የጎተቱት መረብ የተወው ቦይ። እንደገና ዛጎል። አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ከወለሉ ጋር ቀለሙ አንድ ሆኖ ተኝቷል፤ ዓይኑ ባይንቀሳቀስ አላየውም ነበር። መብራቱን አየ። ቆጠርኩት። አንድ።

ስመለስ ደስታም ሐዘንም አልነበረኝም። ፊቴ ላይ ጨው ደርቆ ቆዳዬን ይስበው ነበር። የተሰማኝ ይኸው ነው።

ካሜራችን ያልደረሰባቸው ቦታዎች አሁንም አሉ። እነሱ አሁንም ግራጫ ናቸው። ለመበቀል ብዬ ሁሉንም «ዛጎል» ብቀባው እኔም ስሌተኛው ነኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ደብዳቤውን ሳልፈርም መለስኩት። አባ ቶሎ አስጠራኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታ የለውም።

«አንቺ ልጅ፣ ውልሽ እንደማይታደስ ገብቶሻል?» አለ።

«ገብቶኛል።»

«ያለ ፈቃድ ጀልባ ወስደሽ መሄድሽንም አውቄያለሁ።»

«ጥሩ። እንግዲያው ምን እንዳየሁም ይወቁልኝ። አዲሱ ካርታ ጠረጴዛዎ ላይ ነው።»

አላየውም። «ለቀለም ነው ይህ ሁሉ? ለቀለም ብለሽ እንጀራሽን?»

«ለስሜ» አልኩት። ስናገር ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ስወጣ ስሌተኛው ደረጃው ላይ ነበር። «ስለ ሁለታችን አላሰብሽም?» አለኝ።

«ቅዳሜ ከሰዓት አንተ አስበህልናል።»

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

የአስጋሪዎቹ ማኅበር አዳራሽ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ የናፍጣ ሽታ። ካርታውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ አንዱ ጥግ እየተላቀቀ አስቸገረኝ። ውሌን አፍርሼ ነው እዚህ የቆምኩት፤ አውቃለሁ።

የነበረውን ሁሉ ነገርኳቸው። ግራጫው፣ ቡናማው፣ መግለጫው። እሑድ ምሳ ላይ ዝም ማለቴንም። አንዳንዱ ተሳደበ። ይገባኛል የምለውን ያህል ሰማሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን «በቃ» አልኩ፣ በቃቸውም።

አንድ ሽማግሌ ተነሣ። «ታዲያ እዚህ ምንም የለም ማለትሽ ነው?»

«እዚህ ዛጎል ነው። አይቻለሁ። እዚህኛው ግን አልታየም። ዓሣ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም።»

«አላውቅም?»

«አላውቅም።»

ሽማግሌው ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ከዚያ ቢሮ መጥቶ አላውቅም የሚል ሰው! እስከ ዛሬ ያልታየ ይሄ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አልሳቀም። ሁሉም ሲወጣ መጣና፣ ያንን እየተላቀቀ ያስቸገረኝን ጥግ በደህናው እጁ አውራ ጣት ተጭኖ ለጠፈው። ከዚያ ከካርታው ግርጌ ስሜን ፈልጎ አገኘው። አነበበው። ራሱን ነቀነቀ።

ይቅር አለኝ አላልኩም። ነቀነቀ ነው ያልኩት። ያየሁት እሱን ነው።

ቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ አለቀስኩ። አጭር ነበር።

አሁን እንዲህ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጥ ሻይ ከእንግዲህ አልቀበልም። ሰው ፊት «ትሑት ናት» ተብዬ አፌ እንዲዘጋ አልቀበልም። «ለሁለታችንም» የሚል ቃል፣ አንዳችን ሳናውቅ ከተሠራ ነገር ጋር ተጠቅልሎ ሲመጣ አልቀበልም። ውል ፈርሜያለሁ ብዬ የገዛ ሥጋዬን ባላወቀው ባሕር ላይ ልኬ ምሳ መብላትን ከራሴም አልቀበልም። ባላየሁት ወለል ላይ ስሜ እንዲጻፍ አልቀበልም፤ በጭብጨባም ይሁን በይቅርታ።